ሞተሩ ነው የታመመው ወይስ መልእክተኛው? በአዊ ደጋ የከባድ ማሽን ሴንሰሮችን መመርመር

በአዊ ዞን የመንገድ ሥራ ከሰማይ ጋር የሚደረግ ሽሚያ ነው፡፡ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ የግንቦት ዝናብ አንዴ ከጀመረ እስከ መስከረም ድረስ አፈሩ እንደረጠበ ይቆያል፤ የረጠበ አፈር ደግሞ ሮለር ቢመላለስበትም የሚፈለገውን ያህል አይጠጥርም፡፡ ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት አንድ ኤክስካቫተር ለአንድ ሳምንት ቢቆም ጉዳቱ የአንድ ሳምንት ብቻ አይሆንም፡፡ አፈር የሚጠብቁት ገልባጭ መኪኖች ይሰለፋሉ፤ ግሬደሩና ሮለሩ ሥራ ይፈታሉ፤ በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሠራተኛ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሳይጠናቀቅ ዝናብ የያዘው ቁራጭ መንገድም እስከ ቀጣዩ ጥቅምት ጭቃ ሆኖ ይከርማል፡፡

ይህን ሁሉ የሚያስከትለው ሁልጊዜ የተቃጠለ ፒስቶን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታ አይደለም፡፡ አንዳንድ ጊዜ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ሴንሰር ነው፡፡ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሴንሰሩ እንኳ ሳይሆን በሴንሰሩ ላይ የተሰጠ የተሳሳተ ፍርድ ነው፡፡

ነገሩ በአብዛኛው እንዲህ ይሄዳል፡፡ ኦፕሬተሩ፣ «ጋሼ፣ ማሽኑ ጉልበት አጥቷል፤ ቢጫ መብራትም በርቷል» ይላል፡፡ መካኒኩ ከዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ያነባል፤ መመሪያ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ከቁጥሩ ትይዩ የአንድ ሴንሰር ስም ያገኛል፡፡ «ሴንሰሩ ሞቷል፤ ይታዘዝ» ይላል፡፡ ዕቃው ከአዲስ አበባ፣ ሲብስም ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል እስኪመጣ ማሽኑ ይቆማል፡፡ አዲሱ ሴንሰር ይገጠማል፤ ሞተሩ ይነሣል፡፡ ያው ቢጫ መብራት፣ ያው ሁለት ቁጥር!

ለመሆኑ ቁጥሩ ዋሸ ማለት ነውን? አልዋሸም፡፡ ቁጥሩ የተናገረው ኮምፒዩተሩ ያልተለመደ ነገር ያየበትን ቦታ እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አልነበረም፡፡ በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ርቀት የሚሞላው ፊዚክስ ነው፤ ያውም አብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው ፊዚክስ፡፡ የአዊ ደጋ ደግሞ በከፍታው ምክንያት በሌላ አገር ገንዘብ ተከፍሎበት የሚገኝ አንድ የመመርመሪያ መሣሪያ በነፃ ይሰጣል፡፡ እርሱን ከታች እናገኘዋለን፡፡

ሁለት ዘመን በአንድ ጋራዥ

የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ወደ አገራችን የገቡት ዶዘሮችና ግሬደሮች ኮምፒዩተር አያውቁም ነበር፡፡ የዘይቱ ግፊት በቀጭን ቱቦ እስከ ኦፕሬተሩ ፊት ድረስ ተጉዞ መርፌ ያንቀሳቅስ ነበር፤ የናፍጣውን መጠን የሚወስነውም በምንጭ ብረትና በሚሽከረከሩ ክብደቶች የሚሠራ ፖምፓ ነበር፡፡ የጋራዡ ቋንቋ ራሱ የዚያን ዘመን ታሪክ ይናገራል፤ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ቴስታ፣ ካቻቢቴ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው፡፡ ሴንሰር፣ ኮምፒዩተር፣ ኮድ የሚሉት ግን ከእንግሊዝኛ የመጡ የትናንት እንግዶች ናቸው፡፡ በካቻቢቴ ዘመን የሠለጠነ ጥሩ መካኒክ ሞተሩን በጆሮው፣ ጭሱን በዓይኑ፣ ሙቀቱን በእጁ ይመረምር ነበር፡፡ ይህ ችሎታ ዛሬም ዋጋው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ወደ ኋላ እንደምናየው ኮምፒዩተሩ ሲታለል የሚያድነው እርሱ ነው፡፡

በዛሬው የናፍጣ ሞተር ላይ ግን መርፌና ቱቦው ቀርተው በምትካቸው ሴንሰር፣ በአማርኛ ዳሳሽ ልንለው እንችላለን፣ ተተክሏል፡፡ ሴንሰር ግፊትን፣ ሙቀትን ወይም የመሽከርከር ፍጥነትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ መልእክተኛ ነው፡፡ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ፈጽሞ አያየውም፤ የሚያውቀው መልእክተኞቹ የነገሩትን ብቻ ነው፡፡ ናፍጣው በየትኛው ቅጽበትና በምን ያህል መጠን እንደሚረጭ የሚወሰነው በእነርሱ ቃል ነው፡፡

ሦስት ሽቦዎች፣ አምስት ቮልት

የግፊት ሴንሰርን ብንወስድ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦዎች አሉት፡፡ በአንዱ ከኮምፒዩተሩ 5 ቮልት ይገባል፤ ሁለተኛው የመሬት መስመር ነው፤ በሦስተኛው መልእክቱ ይመለሳል፡፡ በውስጡ ያለችው ቅጠል የምታህል ስስ የሲሊከን ገበታ ግፊት ሲያጎብጣት የኤሌክትሪክ ተቃውሞዋ ይለወጣል፡፡ ይህን የሲሊከን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1954 ይፋ ያደረገው በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ስሚዝ ነው፡፡

የሚመለሰው መልእክት ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ እንዲወሰን ይደረጋል፡፡ ከ0 እስከ 5 ያልሆነው ስለምን ነው? ዳርና ዳሩ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ስለሆነ ነው፡፡ ጤነኛ ሴንሰር ሞተሩ ምንም ይሁን ምን 0 ቮልት ወይም 5 ቮልት አይልም፡፡ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከእነዚህ ዳርቻዎች አንዱን ሲያይ «ይህ የሞተሩ ድምፅ ሊሆን አይችልም፤ መልእክተኛው ወይም መንገዱ ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል፡፡

በዳሽቦርዱ ላይ የሚታዩት ሁለት ቁጥሮችም ከዚህ ይመነጫሉ፡፡ በአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር የወጣውና ጄ1939 የሚባለው ደንብ ለእያንዳንዱ የሚለካ ነገር ቁጥር ሰጥቶታል፤ 100 የሞተር ዘይት ግፊት፣ 102 ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት፣ 108 የከባቢ አየር ግፊት፣ 110 የማቀዝቀዣው ሙቀት ነው፡፡ ሁለተኛው ቁጥር የብልሽቱን ዓይነት ይናገራል፡፡ 3 ማለት ቮልቴጁ ከክልሉ በላይ ወጥቷል፣ 4 ማለት ከክልሉ በታች ወርዷል ማለት ነው፡፡ 0 እና 1 ግን ፈጽሞ ሌላ ናቸው፤ መልእክቱ የታመነ ሆኖ የተለካው ነገር ራሱ በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ይገልጣሉ፡፡

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሞተር የሚገድለው ስሕተት እዚህ ላይ ነውና፡፡ «100 ከ 4 ጋር» የሚያሳይ ማሽን የሽቦ ወይም የሴንሰር ችግር አለበት፡፡ «100 ከ 1 ጋር» የሚያሳይ ማሽን ግን ዘይት እያጣ ነው፤ በዚያችው ደቂቃ መጥፋት አለበት፡፡ ሁለቱም ከመጀመሪያው ቁጥር አኳያ «የዘይት ግፊት» ናቸው፡፡ ሁለተኛውን ቁጥር ሳያነብ «ያው ሴንሰሩ ነው፤ ሥራ ይቀጥል» የሚል ሰው ማሽኑን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊቀብረው ይችላል፡፡ ጥርጣሬ ካለም ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የድሮውን ባለ መርፌ መለኪያ መግጠም የደቂቃዎች ሥራ ነው፡፡

አሁን ወደ ሦስቱ ሽቦዎች እንመለስ፡፡ በብዙ ሞተሮች ላይ ኮምፒዩተሩ የመልእክት ሽቦውን በውስጡ ባለ ሬዚስተር አማካይነት ወደ 5 ቮልት ይስበዋል፤ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ሶኬቱ ቢነቀል ከፍተኛ ቮልት ይታያል፣ ኮድ 3 ይወጣል ማለት ነው፡፡ ከዚህ የሚገኘው ምርመራ እንደ ሒሳብ ስሌት ያምራል፡፡ ኮዱ 4 ከሆነ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉ፡፡ ኮዱ ወደ 3 ከተለወጠ ሽቦውም ኮምፒዩተሩም ደኅና ናቸው፤ መልእክቱን ወደ ታች የጎተተው ሴንሰሩ ነው፡፡ ሶኬቱ ተነቅሎም ኮዱ 4 ሆኖ ከጸና ግን ሽቦው በመንገድ ላይ ከሞተሩ አካል ጋር ተነካክቷል፤ አዲስ ሴንሰር ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው፡፡ ኮዱ 3 ከሆነስ? የመልእክቱንና የመሬቱን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው፡፡ ወደ 4 ከተለወጠ መንገዱ ክፍት ነው፤ ካልተለወጠ አንዱ ሽቦ ተበጥሷል፡፡ የሽቦው አሠራር ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ከመንካት በፊት የአምራቹን ሥዕል ማየት ግዴታ ነው፤ የ5 ቮልቱን መስመር ከመሬት ጋር ያገናኘ ሰው ሌሎቹንም ሴንሰሮች አብሮ ያጠፋል፡፡

ከክልሉ ሳይወጣ የሚዋሽ

እስከ አሁን ያየናቸው ብልሽቶች ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚነቃባቸው ናቸው፡፡ አስቸጋሪው ከ0.5 እና ከ4.5 ቮልት መካከል ሳይወጣ የሚዋሸው ነው፡፡ መብራት አይበራም፤ ቁጥር አይወጣም፤ ኮምፒዩተሩም ቃሉን እንደ እውነት ይቀበለዋል፡፡

የማቀዝቀዣ ሙቀት ሴንሰርን እንመልከት፡፡ በውስጡ ያለው ቴርሚስተር ሲሞቅ ተቃውሞው የሚቀንስ ቁስ ነው፡፡ ማይክል ፋራዴይ ይህን ጠባይ በብር ሰልፋይድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1833 ሲያስተውል ከብረቶች ሁሉ ተቃራኒ ስለሆነ ተገርሞ ነበር፡፡ በሰፊው ከሚሠራባቸው ዓይነቶች አንዱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2500 ኦም፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 190 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው፡፡ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሬዚስተር 2000 ኦም ነው ብንል፣ በ5 ቮልት ክፍፍል መሠረት በ20 ዲግሪ 2.8 ቮልት፣ በ100 ዲግሪ 0.43 ቮልት ይታያል፡፡ የኦም ሕግን የተማረ ተማሪ በወረቀት ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል፡፡

እንግዲህ በዝናብና በጤዛ የሶኬቱ እግር ዝጎ 200 ኦም ተጨማሪ ተቃውሞ ፈጠረ እንበል፡፡ ሞተሩ በእርግጥ 100 ዲግሪ ላይ ሳለ ኮምፒዩተሩ የሚያየው 190 ሳይሆን 390 ኦም ነው፡፡ ይህ ለእርሱ ከ75 ዲግሪ በታች የሆነ ሞተር ነው! ማቀዝቀዣው ሊፈላ ሲቃረብ ዳሽቦርዱ «ገና አልሞቀም» ይላል፡፡

ጠዋት፣ ማሽኑ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ፣ የሙቀት ሴንሰሮችን ሁሉ ንባብ ማስተያየት ጥሩ ልማድ ነው፤ የማቀዝቀዣው፣ የሚገባው አየር፣ የናፍጣው ሙቀት በዚያ ሰዓት ተቀራራቢ መሆን አለባቸውና፡፡ ይህ ዘዴ ግን ከላይ ያልነውን ዝገት አይዝም፡፡ በ2500 ኦም ላይ የተጨመረ 200 ኦም የሚያሳስተው ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፡፡ በብርድ የተደበቀው ውሸት የሚገለጠው በሙቀት ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሠራ በኋላ ሴንሰሩ የተተከለበትን ብረት በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለክቶ ከዳሽቦርዱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፡፡ እጁን አስጠግቶ «ይህ ሰባ አምስት አይደለም» የሚለው የካቻቢቴ ዘመን መካኒክም እዚህ ላይ አይናቅም፡፡

ፓስካል በእንጅባራ

እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 ፍሎሪን ፔሪየ የተባለ ፈረንሳዊ፣ የሚስቱ ወንድም ብሌዝ ፓስካል በጠየቀው መሠረት፣ በሜርኩሪ የተሞላ የብርጭቆ ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ፡፡ ከከተማው እስከ ተራራው አናት ያለው ልዩነት 1000 ሜትር ያህል ነው፡፡ አናቱ ላይ ሲደርስ የሜርኩሪው ቁመት ከታች ከነበረው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ተገኘ፡፡ አየር ክብደት እንዳለው፣ ከፍ ባልን ቁጥርም ከላያችን የሚቀረው አየር እንደሚያንስ በዚህ ተረጋገጠ፡፡ የግፊት መለኪያ አሃዱ ዛሬ በፓስካል ስም ይጠራል፡፡

ከቻግኒ ወደ እንጅባራ የሚወጣ ማሽን በሎቤድ ላይ ተጭኖ ያንኑ ሙከራ ይደግማል፡፡ ቻግኒ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እንጅባራ 2560 ሜትር ገደማ፤ ዳንግላ 2140 ሜትር ገደማ፡፡ በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በቻግኒ 84፣ በዳንግላ 79፣ በእንጅባራ 75 ገደማ ይደርሳል፡፡ (በመማሪያ መጻሕፍት ካለው የመደበኛ ከባቢ አየር ሠንጠረዥ የሚያሰላ ተማሪ ለእንጅባራ 74 ያገኛል፡፡ ሠንጠረዡ የተሠራው ለመካከለኛው የምድር ክፍል ስለሆነ ነው፤ በእኛ ሞቃት የምድር ወገብ አካባቢ ግፊቱ በዚህ ከፍታ አንድ ኪሎ ፓስካል ያህል ይበልጣል፡፡) በእንጅባራ ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው፡፡

አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታወቀው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ይህን አይስተውም፡፡ ፈረስ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ማንም ሳይነግረው እርምጃውን ይቀንሳል፡፡ በፈረስ ጉልበት የሚለካው ሞተር ግን ይህን ጥበብ ከተፈጥሮው አላገኘውም፡፡ ኮምፒዩተሩ የከባቢ አየር ግፊት ሴንሰሩን ጠይቆ፣ አየሩ እንደሳሳ ሲረዳ የናፍጣውን መጠን ሆን ብሎ ይቀንሳል፡፡ ስለዚህ በቆላ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ የነበረ ማሽን እንጅባራ ላይ ጥቂት ቢደክም ይህ በሽታ ላይሆን ይችላል፡፡

አሁን ቃል የገባነውን ነፃ መሣሪያ እናንሣ፡፡ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት ቱርቦው ቆሟል፤ በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ያለው አየርና ውጭ ያለው አየር አንድ ናቸው፡፡ ስለዚህ የመሳቢያ ግፊት ሴንሰሩም (102) የከባቢ አየር ግፊት ሴንሰሩም (108) አንድ ዓይነት ፍጹማዊ ግፊት ማንበብ አለባቸው፡፡ ሁለቱ ከተለያዩ አንዱ ዋሽቷል፡፡ የትኛው? በባሕር ዳርቻ ያለ መካኒክ ይህን ለመወሰን ይቸገራል፤ ምክንያቱም የሞተ ሴንሰርን የሚተካ ኮምፒዩተር ወይም የተሳሳተ ሴንሰር ብዙ ጊዜ ለ101 ቅርብ የሆነ ቁጥር ያሳያል፤ በዚያ አገር ደግሞ እውነተኛውም ግፊት 101 ነው፡፡ እንጅባራ ላይ ግን እውነቱ 75 ነው፡፡ 101 የሚል ሴንሰር እዚህ ሊደበቅ አይችልም፡፡

የዚህ ዓይነት ውሸት እንዴት ሊፈጠር ይችላል? አንድ መንገድ ብቻ ላንሣ፡፡ የከባቢ አየር ግፊት ሴንሰር አየር የሚያገኝባት ትንሽ ቀዳዳ አለችው፡፡ ጭቃ፣ ቅባት ወይም በእድሳት ጊዜ የተረጨ ቀለም ከደፈናት በውስጡ የተያዘው አየር የቀድሞውን ግፊት እንደ ትዝታ ይዞ ይቀራል፡፡ ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚወርደው መንገድ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከሚወስዱት ዋና መንገዶች አንዱ ነው፡፡ በግድቡ ሥፍራ የወንዙ ወለል 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ግፊቱ ወደ 95 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል፡፡ እንግዲህ በዚያ ቆላ ሲሠራ ቆይቶ ቀዳዳው የተደፈነ አንድ ዶዘር ወደ እንጅባራ ተመልሶ መጣ እንበል፡፡ ሴንሰሩ አሁንም «95» ይላል፡፡ ቮልቴጁ ጤነኛ ነው፤ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ ኮድ አይወጣም፡፡ ኮምፒዩተሩ ግን ዶዘሩ ገና ጉባ ያለ ስለሚመስለው የናፍጣውን መጠን አይቀንስም፡፡ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል፤ ቱርቦው ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፡፡ በቱርቦው ላይ የሚደርሰውን ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል፡፡ 200 ኪሎ ፓስካል ፍጹማዊ ግፊት ለመስጠት በባሕር ጠለል ላይ አየሩን ሁለት እጥፍ ቢያምቅ ይበቃዋል፤ በእንጅባራ ግን 2.7 እጥፍ ማመቅ አለበት፡፡ ጥቁሩን ጭስ አይቶ ፖምፓውንና የናፍጣ መርጫዎቹን የሚፈታ መካኒክ ብዙ ገንዘብ ካወጣ በኋላም ጭሱ ይጠብቀዋል፡፡

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስብ አንድ ጉዳይ አለ፡፡ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቆይ ኮምፒዩተሩ የዘይትና የመሳቢያ አየር ግፊት ሴንሰሮችን ከከባቢ አየር ሴንሰሩ ጋር ያስተካክላቸዋል፡፡ መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ሴንሰር ከዋሸ ሌሎቹም ከእርሱ ጋር ይስማማሉ፡፡ በዚህ ጊዜ ሴንሰርን ከሴንሰር ማስተያየት አይጠቅምም፡፡ ሊዋሽ የማይችል ምስክር ሆኖ የሚቀረው የቦታው ከፍታ ብቻ ነው፡፡

በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ

የከፍታው ጣጣ በሙቀትም በኩል ይመጣል፡፡ በእንጅባራ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላ ለመቀቀል ረጅም ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቁ እናቶች ሁሉ ሳይለኩ የሚያውቁት ነገር ነው፡፡ ራዲያተር ይህን የሚቋቋመው በክዳኑ ነው፡፡ ክዳኑ 100 ኪሎ ፓስካል ተጨማሪ ግፊት የሚይዝ ከሆነ በውስጡ ያለው ውኃ 116 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይፈላም፡፡

የክዳኑ ጎማ ካረጀና ግፊት ካልያዘ ግን መፍያው ወደ 92 ይወርዳል፡፡ ይህ ቁጥር ለብዙ የናፍጣ ሞተሮች የተለመደው የሥራ ሙቀት ነው! ኮምፒዩተሩ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ከዚያ በጣም ከፍ ካለ በኋላ ስለሆነ ዝም ይላል፡፡ ሴንሰሩ እውነት እየተናገረ፣ አንድም ኮድ ሳይወጣ፣ ውኃው እየፈላ ያልቃል፡፡ የሚያሳዝነው ደግሞ ውኃው ከሴንሰሩ ደረጃ በታች ሲወርድ ሴንሰሩ በእንፋሎትና በአየር መካከል ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ንባቡ እንዲያውም ዝቅ ሊል ይችላል፡፡ በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ ተራ ውኃ መሙላት በተለመደበት አካባቢ አደጋው ይብሳል፤ ፈሳሹ መፍያውን በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ያደርግ ነበርና፡፡ ቴስታው ከተጣመመ በኋላ «ሴንሰሩ ለምን አልነገረንም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ያልሆነ ወቀሳ ነው፤ የተጠየቀውን መልሷል፡፡

ስለ ሽቦዎቹ ጥቂት

በእርጥብ ደጋ ከሴንሰሮች ይልቅ ሶኬቶች ይበላሻሉ ብል ብዙ የሚቃወመኝ መካኒክ አይኖርም፡፡ ማሽኑን በከፍተኛ ግፊት ውኃ ሲያጥቡ ውኃውን በቀጥታ ወደ ሶኬቶቹ መልቀቅ፣ ሽቦውን ለመለካት ልባሱን በመርፌ መብሳት፣ የተበጠሰን ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል የተለመዱ ናቸው፡፡ የተበሳው ቀዳዳ በዓይን አይታይም፤ ውኃ ግን ያገኘዋል፤ መዳቡም ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይበላል፡፡ ከሁሉ የከፋው ኮምፒዩተሩን ለማታለል በሴንሰሩ ቦታ ሬዚስተር መትከል ነው፡፡ መብራቱ በእርግጥ ይጠፋል፡፡

ኮምፒዩተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ካን የሚባል ሁለት ሽቦ ያለው መስመርም አለ፤ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው ነው፡፡ በሁለቱ ጫፎቹ 120 ኦም 120 ኦም ሬዚስተሮች ተተክለውበታል፡፡ ብዙ ሴንሰሮች በአንድ ጊዜ «የሞቱ» ከመሰሉ ባትሪውን አጥፍቶ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለውን ተቃውሞ መለካት ነው፡፡ 60 ኦም ከሆነ መስመሩ ሙሉ ነው፤ 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፡፡ የትይዩ ሬዚስተሮች ስሌት ለፈተና ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ተማሪ ካለ ይህን ይሞክር፡፡

ለዚህ ሁሉ ምርመራ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ቴስተር፣ አንድ ባለ መርፌ የግፊት መለኪያ፣ አንድ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትርና የማሽኑ የሽቦ ሥዕል ነው፡፡ ከመጀመሪያው ንክኪ በፊት ደግሞ እርሳስና ወረቀት፤ ኮዶቹ ሳይጻፉ ከተሰረዙ ማስረጃው አብሯቸው ይጠፋል፡፡

አንድ ጥያቄ ይቀራል፡፡ የአየር ግፊት በዝናብና በፀሐይ የሚለዋወጥ ከሆነ የእንጅባራው 75 እንዴት ሊታመን ይችላል? በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ ቢሆን ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ በዚያ ማዕበል ሲያልፍ ግፊቱ በቀናት ውስጥ በብዙ ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፡፡ በምድር ወገብ አካባቢ ግን ዕለታዊው ውጣ ውረድ ከ0.3 ኪሎ ፓስካል ብዙም አያልፍም፤ በዓመቱ ወቅቶች መካከል ያለው ልዩነትም ጥቂት ነው፡፡ ይህ ሴንሰሩ ራሱ ከሚፈቀድለት የስሕተት መጠን ያነሰ ነው፡፡ ስለዚህ በጋራዡ ግድግዳ ላይ በቀለም አንድ ጊዜ ቢጻፍ በክረምትም በበጋም ያገለግላል፤ እንጅባራ 75፣ ዳንግላ 79፣ ቻግኒ 84፣ ጉባ 95፡፡